ሽብልቅ

ኖልቤርቶ ሦስት ሳምንት ቤንዚኑን ረገመ፤
ውሃ ቀላቅሎ ነው የሸጠልኝ ብሎ
ሻጩን ከነሱቁ፣ ከነዘሩ አማ፤
ካርቡራተር ፈታ፣ አጥቦ ገጠመ፣
በመርፌ ጎረጎረ፣ በአፉ ነፋ፣ ሰማ።
ሞተሩ ግን ያው ነው። ገመዱ ሲጎተት
አንዴ ያስነጥስና
ወደ ኋላ ይራገጣል እንደ ክፉ በቅሎ።

እኔ ዝም አልኩ።
የኤውሎሂዮ ልጅ ነኝ፤ አቻኦ ወደብ ላይ
አባቴ ሲጠግን መብራት ይዤ ያደግሁ፣
ከአሻንጉሊት በፊት ካቻቪቴ የለመድሁ።
ወደ ኋላ የሚራገጥ ሞተር
ቤንዚን አልጎደለውም፤ ቸኩሏል እንጂ።
ፒስተኑ ዳገቱን ወጥቶ ጫፍ ሳይደርስ
እሳቱ ይቀድመዋል፣
ጥያቄው ሳያልቅ እንደሚመልስ ሰው።
ግን ይህን ለባል በምን አፍ ይነግሩታል?
ያውም አውራ ጣቱ አብጦ፣
ድንች በግራ እጁ እየላጠ ሳለ።

ሌሊት፣ ባሕሩ ሲሸሽ፣
ቦቲ አጥልቄ ከቤታችን ሥር ወረድኩ።
(እዚህ ካስትሮ ቤቱ በእንጨት እግር ይቆማል፤
ውሃው ሲሞላ ወለላችንን ያንኳኳል።)
ፋኖሱን ምሰሶው ላይ ሰቀልኩ። ዝናብ።
ካንዴላውን ፈታሁ፤
በቀዳዳው የሹራብ መሥሪያዬን ዘንግ ሰደድኩ፣
ቮላኖውን በመዳፌ አዞርኩ፣ ቀስ፣ ቀስ፤
ዘንጉ ወጣ፣ ወጣ፣ ቆመ። ጫፉ እዚህ ነው።
ከጫፉ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ዝቅ ብዬ
ቀይ ክር አሰርኩበት።
እሳቱ መነሣት ያለበት እዚያ ነው፤
ቀይ ክሩ ከቀዳዳው አፍ ሲገጥም።

ከኖልቤርቶ ካፖርት የሲጋራ ወረቀት ሰረቅሁ።
በቮላኖው መስኮት አሾልኬ
በፑንቲናው ከንፈሮች መሃል አስነከስኩት፤
በሁለት ጣት ሳብ አድርጌ ያዝኩና
እንደገና አዞርኩ።
ያዘ፣ ያዘ፣
ለቀቀ!
ክሩ ገና ከታች፣ ጨለማው ውስጥ ነው።

ዳዶውን ፈታሁ፣ ቮላኖውን ነቀልኩ፤
ሽብልቁ አለች፣ የጥፍር ታህል ግማሽ ጨረቃ፣
ወገቧ ላይ ልትቆረጥ ምንም ያልቀራት።
ሆን ብለው ከለስላሳ ብረት ይሠሯታል፣
ትልቁ እንዳይሰበር እሷ ትሰበር ብለው።

ሽብልቅ ደግሞ እንዲያው አይቆረጥም።
ዓለት ይፈልጋል።
የሚሮጥ ሞተር ድንጋይ ሲያስቆመው
ውስጡ ያለው ዘንግ ይቆማል፤
ቮላኖው ግን አልሰማም፣ ይቀጥላል፣
ከዘንጉ አንድ ፀጉር ቀድሞ።

ፕሮፔለሩን ዳሰስኩ።
አንዱ ክንፍ በሞረድ ተልጓል፣ ቀለም ተቀብቷል፣
ቀለሙ አዲስ ነው።
ያን ማክሰኞ ከሌሙይ አምሽቶ ሲመጣ
ነፋስ ያዘኝ ነበር ያለኝ።
ነፋስ! ገመድ ላይ የተሰጣው ፎጣ እንኳ
ቀኑን ሙሉ አልተወዛወዘም።
ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ።
ልስቅ ብዬ ነበር፤
ዋና እንደማይችል ትዝ አለኝ።

ከአባቴ የትምባሆ ቆርቆሮ አዲስ ሽብልቅ አወጣሁ፤
ገጠምኩ፣ ዳዶውን አጠበቅሁ፣
ወረቀቱን መለስኩ፣ አዞርኩ።
ያዘ። ያዘ።
ክሩ ብቅ አለ፣ አፉ ላይ ደረሰ፣
ወረቀቱም ጣቴን ተከትሎ መጣ፣
ከእጅ እንደሚወጣ ትንፋሽ የለሽ ነገር።

ጠዋት አንዴ ሳበው፤ ሞተሩ ተናገረ።
"አላልኩሽም? ዘቀጠ፣ ጠራ፤ ቤንዚኑ ነበረ!"
"ሳይሆን አይቀርም" አልኩ፣ ቅርጫቱን አቀብዬው።
ሲጋራ ሊጠቀልል ወረቀቶቹን አወጣ፤
ከላይ ያለው ላይ ጥቁር የጣት አሻራ፣
ግራሶ፣ ትንሽ፣ የሴት።
አየው።
ወደ እኔ አላየም፤
ትምባሆውን ሞላበት፣ ጠቀለለው፣ ለኮሰው፣
ወደ ሌሙይ ዞረ፣
ከዓለቱ በሩቁ ሰፊ ቅስት ሠርቶ።

የተቆረጠችው ከቁልፎቼ ጋር ናት፣
በስፌት ሣጥኔ ውስጥ።
ካናቴራው ሲቀደድ፣ ቁልፍ ስፈልግለት፣
ትንኳኳለች።
እሱም ቀና ይላል፣
ድንቹን መላጥ ይቀጥላል።